እናትህን ከማን ጋር ትልካለህ

ጅግጅጋ ውስጥ ሰው ከሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠያየቀው ጤና አይደለም፤ ወሬ ነው። ሶማሌው «ኢስካ ወረን» ሲል «እስቲ ወሬህን ንገረኝ» ማለቱ ነው። ከመሀል አገር የመጣ ነጋዴም ትንሽ ከከረመ ይለምደዋል። አቶ ተክለማርያም ደግሞ እዚያው ተወልደው፣ እዚያው ሱቅ ከፍተው፣ እዚያው የሸበቱ ሰው ናቸው። ስለዚህ ልጃቸው ሶሲና አውሮፕላን ማብረር ለመማር መፈተኗን ከእሷ አልሰሙም፤ ከስኳር ገዢ ነው የሰሙት። ማለፏንም ከሳሙና ገዢ።

«ምነው ራስሽ ብትነግሪኝ?» አሏት።

«ልነግርህ ስመጣ እኮ ሳሙና እየሸጥክ ነበር፣ አባባ።»

የበረራ ትምህርት ቤቱ ከአዲስ አበባ የመጣው ሁለት ትናንሽ አውሮፕላኖች ይዞ ነው። የጅግጅጋ ሰማይ ለወራት ደመና አያይም፣ ሜዳው ደግሞ ወሰን የለውም፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም ብለው ነው አሉ። አውሮፕላኖቹ መጀመሪያ የመጡ ቀን ከተማው ሥራ ፈትቶ አጥሩ ላይ ተለጠፈ። ትልቁን የመንገደኛ አውሮፕላን ሁሉም ያውቀዋል፤ እሱ እንደ መንግሥት ነው፣ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ማንንም አያማክርም። እነዚህ ግን ባጃጅ የሚያህሉ ነገሮች ነበሩ። አንድ ሰው ክንፉን በትከሻው ገፋ አድርጎ ቦታ ሲያስይዘው ሶሲና በዓይኗ አይታለች። ያ በትከሻ የተገፋ ነገር ተንደርድሮ፣ ተንጠራርቶ፣ መሬቱን ለቀቀ። አጥሩ ላይ ከነበረው ሕዝብ አንድም ሰው አልተናገረም፤ ይህ በጅግጅጋ ታሪክ ብርቅ ነው። ሶሲና እጇ ሽቦውን አጥብቆ መያዙን ያወቀችው መዳፏ ሲደማ ነው።

ፈተናውን ያለፈች ዕለት ደንቡን ነገሯት። እያንዳንዱ ሰልጣኝ አንድ አስተማሪ ይመርጣል። ከመረጠ በኋላ መቀየር የለም፤ ብቻውን እስኪበር ድረስ ከዚያው ሰው ጋር ነው። በጋው ሳያልቅ ብቻውን ያልበረረ ይሰናበታል፣ ሁለተኛ ዕድልም የለውም። እስከ ሰኞ ስም ይዘሽ ነይ አሏት።

አስተማሪዎቹ ሁለት ነበሩ። ካፒቴን ኤቢ ቁመቱ መለሎ፣ ሳቁ ከአጥር ውጭ የሚሰማ ሰው ነው። በመጣ በማግስቱ የዘበኞቹን ሁሉ ስም ያውቅ ነበር፤ የግመል ወተት ሻይ ይጋብዛል፤ ከካራማራ ኮረብታ በኩል ነፋስ ተነሥቶ አቧራው ሲጨስ እሱ አውሮፕላኑን ያስነሣል፣ ገበያው ላይ ሲደርስም ክንፉን ግራና ቀኝ አወዛውዞ ሰላምታ ይሰጣል። ገበያው ሁሉ ቀና ብሎ እጁን ያነሣለት ነበር። ካፒቴን ቀለምወርቅ ጠና ያለች፣ ድምፀ ቀጭን ሴት ናት። ከመብረሯ በፊት አውሮፕላኑን እየዞረች በመዳፏ ትዳስሰዋለች፣ የታመመ ከብት እንደሚገዛ ሰው። ከዚያ እንጨት ላይ የተሰቀለውን የነፋስ ማሳያ ጨርቅ ታያለች። ብዙ ጊዜ «ዛሬ አይበረርም» ብላ ክንፉ ጥላ ስር ትቀመጣለች። ሶማሌ ሰውን ያለ ቅጽል ስም አይተውም፤ ለሷም ወዲያው «አይበረርም» የሚል ስም ወጣላት። በአማርኛ ነው ያወጡላት፣ እንድትሰማው።

ሶሲና የአገሯ ሰው ናትና እንደ አገሯ ሰው አደረገች። ሻይ ቤት ሄዳ ጠየቀች።

በዚያ ሻይ ቤት የሚበር ነገር ሁሉ ጉዳዩ ለጋሽ ትግሉ ነው የሚቀርበው። ጋሽ ትግሉ ድሮ አየር ኃይል ነበሩ። ምን ይሠሩ እንደነበር በትክክል የሚያውቅ የለም፤ ወጥ ቤት ነው የሚሉ አሉ፤ እሳቸው «ምስጢር ነው» ይላሉ። አንበጣ የመጣ ዓመት እንኳ የተጠየቁት እሳቸው ነበሩ። «ወደ ደገሀቡር ነው የሚያልፈው» አሉ። በማግስቱ አንበጣው ጅግጅጋ ላይ ሲያርፍ «ነዳጅ አልቆበት ነው» አሉ። ማንም ቅር አላለውም።

«ጋሽ ትግሉ፣ ከሁለቱ ማንን ልምረጥ?»

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ አብራሪ ማለት የሚበር ነው። የማይበር አብራሪ ምን ይባላል?»

«እግረኛ» አለ አንዱ ከወዲያ ጠረጴዛ። ሻይ ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

«ኤቢን ነው የምትመርጪው» አሉ ጋሽ ትግሉ። «እጁን አይቼዋለሁ። እጅ ማለት የእሱ ነው።»

«የኤቢ እጅ!» አለ ሻይ አፍላው።

«እጅስ አለው» አለ እግረኛ ያለው።

ሶሲና በዚህ አልቆመችም። ደገሀቡር መንግሥት ቢሮ ለሚሠራው የአክስቷ ልጅ ለመልአክ ደወለች። ከአውሮፕላን ጋር ያለው ዝምድና ቀና ብሎ ማየት ብቻ ቢሆንም፣ «ኤቢን ነዋ» አለ ሳያመነታ። «በምን አወቅህ?» ስትለው «ሁሉም ሰው ያውቃል» አላት። ሸደር ስደተኞች ዘንድ የምትሠራው ጓደኛዋ ሙና ኤቢ አለች። ደምበል ያለ የአባቷ ደንበኛ፣ ሳይጠየቅ፣ ስለ ዱቄት ሊያወራ ደውሎ ኤቢ አለ። ሶሲና ስልኩን ዘጋች። ይህን ያህል አገር፣ ይህን ያህል ሰው፣ በአንድ ስም ሲስማማ መስማት ያስፈራል። ተራራ እንደማየት ነው።

አባቷም «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ፤ አንቺማ ሦስት ወረዳ ጠይቀሽ» አሉ።

ግን አንዲት ነገር ከሐሳቧ አልወጣችም። ዒፍራህ የምትባል የኤቢ ሰልጣኝ አለች፤ ከኤቢ ጋር ስትበር ሰዓቱ እንዴት እንደሚያልፍ፣ እንዴት እንደሚያስቃት አውርታ አትጠግብም። ሶሲና «ማሳረፍ ይከብዳል?» ስትላት ዒፍራህ ብርጭቆዋን አየች። «ኤቢ ሲያሳርፍ አይከብድም» አለች።

እሑድ ሊደርስ ሲል አባቷ «ዲሪዬንም ጠይቂው። ሰው ሁሉ ተጠይቆ እሱ ቢቀር ይቀየማል» አሉ።

ዲሪዬ የከብት ገበያ ደላላ ነው፤ ጢሙን በሂና ያቀላ፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው። ሶሲና «አዴር» ትለዋለች፣ አጎቴ እንደማለት። እሱም መልሶ «አዴር» ይላታል፤ በሶማሌ ወግ አጎትና የወንድም ልጅ የሚጠራሩት በአንድ ቃል ነው። ስትደርስ ከአንዲት ግመል ጎን ቆሞ ነበር። ሁሉንም ነገረችው።

«መጀመሪያ ማን ነገረሽ?» አለ።

«ጋሽ ትግሉ።»

«ሻይ ቤቱ ከማን ሰማ?»

«እዚያው… ከጋሽ ትግሉ።»

«የደገሀቡሩ ልጅስ?»

ሶሲና አሰበች። የመልአክ አማች የደገሀቡር አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሻይ የሚጠጣው ጋሽ ትግሉ አጠገብ ነው። የሙና ባልደረቦች በዚያው ሻይ ቤት በር ነው መኪና የሚጠብቁት። ዱቄት ነጋዴውማ ከአባቷ ነው የሰማው፤ አባቷ ደግሞ ከስኳር ገዢ።

«አዴር» አለ ዲሪዬ፣ «አንቺ ሦስት ወረዳ አልጠየቅሽም። ትግሉን ነው በብዙ አፍ የጠየቅሽው። ትግሉን ደግሞ ኤቢ አንድ ቀን በአውሮፕላኑ አሳፍሮ በከተማው ላይ አዙሮታል።»

ይህን ሶሲናም ታውቅ ነበር። ከተማው ሁሉ ያውቃል። አንዱን ወሬ ከሌላው ጋር ያገናኘ ሰው ብቻ ነው የጠፋው።

«ታዲያ ሰው አይታመንም በለኛ።»

«ሰው ካልታመነ እኔ በምን እበላለሁ?» አለ ዲሪዬና ወደ ግመሏ ዞረ። «ዝም ብለሽ እይ።»

ከትከሻው ባለ መስመሯን ጨርቅ አወረደና በራሱና በአንድ ገዢ እጅ ላይ ጣለ። ጨርቁ ስር እጅ ለእጅ ተያያዙ፤ እዚህ ዋጋ የሚነገረው በአፍ አይደለም፣ በጣት ነው። ጨርቁ ብቻ እንደ ቀፎ ተንቀሳቀሰ። የገዢው ፊት ስለ ዝናብ ያወራል፣ ግመሏን እንኳ የሚያይ አይመስልም፤ ጣቶቹ ግን ሌላ ነገር እያሉ ነው። ዲሪዬ ለቀቀው፤ ሌላውን ጠራ፤ ጨርቁን ጣለ። ከዚያ ሌላውን። ዙሪያቸውን የቆመው ሰው ሁሉ ጨርቁን ያያል፣ ማንም ምንም አያውቅም። ሶሲና በዚህ ገበያ ስታልፍ ኖራለች፤ ጨርቁን አይታ የማታውቅ ይመስል ፈዝዛ ቀረች።

«አንዱ ጮክ ብሎ ቢናገር» አለ ዲሪዬ ሲመለስ፣ «የቀሩት ግመሏን ማየት ያቆማሉ። የተናገረውን ሰው ፊት ነው የሚያዩት። ግመሏ እዚያው ቆማ ትረሳለች። ጨርቅ ስር ግን እያንዳንዱ ብቻውን ነው፤ ብቻውን የሆነ ሰው ደግሞ ግመሏን ያያል።» ጨርቁን ወደ ትከሻው መለሰ። «ደግሞ ግመል ምን እንደሆነች የማያውቀውን ሰው እጅ አልይዝም። ሻይ አፍላውን ስለ ግመል እጠይቃለሁ እንዴ? ነገ አውሮፕላን ወደሚያውቁት ውሰጂኝ።»

እሑድ ከሰዓት ነፋሱ በርትቶ ማንም አልበረረም፤ ካፒቴን ቀለምወርቅም ከተማ ወጥታ ነበር። ሰልጣኞቹ፣ መካኒኮቹ፣ ነዳጅ ቀጂውና ዘበኛው አውሮፕላን ማቆሚያው ጥላ ስር ተሰብስበዋል። ዲሪዬ ከባጃጅ ወርዶ ሰላም አላቸው፣ ወሬ ጠየቃቸው፣ ወሬውን ነገራቸው፤ ይህ ሳያልቅ ሥራ አይጀመርም። ከዚያ ጨርቁን አወረደ።

«ጥያቄው አንድ ነው» አለ። «ነፋስ ያለበት ቀን እናትህን ከማን ጋር ትልካለህ? አንድ ጣት ኤቢ ነው። ሙሉ እጅ ቀለምወርቅ ናት። የእጅ ነገር በእጅ ይቀራል።»

«እናቴ ባጃጅም ትፈራለች» አለ አንዱ መካኒክ።

«እንግዲያው አስበህ ላካት።»

ሳቅ ሆነ፤ ጨርቁ ግን ሥራውን ጀመረ። ወንዶቹን ዲሪዬ ያዘ። የሴቶቹን እጅ እሱ አይነካምና ለእነሱ ሶሲና ከጨርቁ ጫፍ ስር እጇን ሰጠች። መጀመሪያ ፊርደውስ መጣች፣ ጽዳት የምትሠራው፣ አውሮፕላኖቹ ውስጥ ማን ማስታወኩን ከማንም በላይ የምታውቀው። ሙሉ እጇን ሰጥታ ሄደች። ቀጥላ ዒፍራህ መጣች። አፏ ትናንት ኤቢ የቀለደውን ቀልድ እያወራ ነበር፤ ቀልዱም ጥሩ ነበር፤ ራሷም እየሳቀች ነበር። ከጨርቁ ስር ጣቶቿ አንድ በአንድ የሶሲናን እጅ ዞሩ፣ ሙሉ መዳፏ ገጠመ፣ ጠበቀም። አፉ ሲስቅ እጁ የሚለምን ሰው ሶሲና ከዚያ በፊት አላየችም።

ይህን ጊዜ ኤቢ ራሱ መጣ።

«ምን ገበያ ነው?» አለ።

«የግመል» አለ ዲሪዬ።

«ግመሏ የታለች?»

«ሁለት ናቸው። አንዱ አንተ ነህ።»

ኤቢ ከሁሉም በላይ ሳቀ። ጥያቄውን ነገሩት። «እኔም ልጠየቃ» አለ፣ «እናት አለኝ እኮ።» እጅጌውን ሰብስቦ እጁን ከጨርቁ ስር አስገባ። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ነበር። ዓይኑ ግን በሰዎቹ ራስ ላይ አልፎ ወደ ነፋስ ማሳያው ጨርቅ ሄደ፤ ጨርቁ ተገትሮ በአግድም ይርገበገብ ነበር። ኤቢ ያንን ጥቂት አየ። የዲሪዬ ፊት የዲሪዬ ፊት ነው፤ ከድንጋይ ወሬ አይገኝም። ብቻ የኤቢን እጅ ከማንም ይልቅ ዘግይቶ ለቀቀ።

«ጥሩ ገበያ ይሁንላችሁ» አለ ኤቢና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ እየሳቀ ሄደ።

ወደ ባጃጁ ሲመለሱ ሶሲና አላስቻላትም። «ምን አሉህ፣ አዴር?»

«ማን ምን እንዳለ አይነገርም።»

«እሺ፣ ስም አትጥራ። ወደየትኛው አዘነበለ?»

«ሙሉ እጅ።»

«የስንቱ?»

ዲሪዬ ባጃጁ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፣ ጨርቁን አጣጠፈ። «የያዝኩት እጅ ሁሉ» አለ።

ሶሲና አንድ እግሯን ባጃጁ ላይ እንዳሳረፈች ቆመች። ዲሪዬ ምስጢር አላወጣም፤ «ሁሉ» ማለት የማንንም ስም መጥራት አይደለም። ግን ከያዘው እጅ አንዱ የማን እንደነበር በዓይኗ አይታለች። ወደ ኋላ ዞራ አየች። ኤቢ አውሮፕላኑ አጠገብ ቆሞ ለዘበኛው አንድ ነገር እያሳየ ያስቀዋል። ከተማው ሁሉ የሚያምንበት ሰው፣ ያ ሁሉ አፍ የጠራው ሰው፣ ራሱ ለብቻው ሲጠየቅ የማንን ስም እንደሚመልስ ያውቃል፤ አውቆም እየሳቀ ይኖራል። ይህን መሸከም ምን ያህል ትከሻ እንደሚፈልግ አሰበች። ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት አከበረችው።

ሰኞ የካፒቴን ቀለምወርቅን ስም ይዛ ሄደች። ወሬው እንደ ልማዱ ቀድሟት ነበር። አባቷ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጋሽ ትግሉ «ታዲያ ለእግረኛዋ ጫማ ግዙላታ» አሉ። ኤቢ አንድ ጠፍጣፋ ትራስ ይዞ መጣ። «አጭር ነሽ» አላት፣ «ይህን ካልተቀመጥሽበት ኮረብታው አይታይሽም።» ሌላ ምንም አላለም።

ካፒቴን ቀለምወርቅ መጀመሪያ ያደረገችው አለማብረር ነው። ሶሲና በቆመ አውሮፕላን ውስጥ ዓይኗን ጨፍና እያንዳንዱን ማንሻ በእጇ እስክታውቅ ሰነበተች። አጥሩ ላይ የቆሙት ተሰላችተው ሄዱ። ከዚያ አንድ ማለዳ፣ ፀሐይ ገና ሜዳው ላይ ተጋድማ ሳለ፣ «በይ እንሂድ» አለች፣ ሱቅ እንደመሄድ።

ተንደረደሩ። ሶሲና የወጣች አልመሰላትም፤ መሬቱ ነው ለቋት የወረደው። ሆዷ ትንሽ ዘግይቶ ተከተላት። ከተማው ጎን ለጎን ተጋደመ፤ ቆርቆሮው ሁሉ በአንድ ጊዜ አበራ። የሐረር መንገድ ካራማራ ላይ እንደ ክር ተጠምዝዞ ይወጣል። በምሥራቅ ሜዳው ሄዶ ሄዶ ሰማይ ይሆናል፣ የት ላይ እንደሆነ ግን አይታይም። ግመሎች እንደ ፈሰሰ እህል ተበትነዋል፣ የእያንዳንዳቸው ጥላ ከራሳቸው ይልቅ ረዝሞ ተዘርግቷል። ሻይ ቤቱን ፈለገችው። ከጥፍሯ ያነሰ ጣራ ነበር። በሁሉ ነገር ላይ አስተያየት ያለው ያ ከተማ ሁሉ እዚያ ተቀምጧል፣ ድምፅ የለውም። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ምን ታያለሽ?» አለች ካፒቴን ቀለምወርቅ።

«ካራማራን።»

«ካራማራን አውቀዋለሁ። ነፋሱን ንገሪኝ።»

«ነፋስ አይታይም፣ ካፒቴን።»

«እስኪታይሽ እንዞራለን።»

ዞሩ። ሶሲና አየች፣ ምንም የለም። ደግመው ዞሩ። ከዚያ ከአንድ ጎጆ የወጣ ጭስ ቀጥ ብሎ ተነሥቶ አንድ ቦታ ላይ ሲሰበር አየች። ከዚያ በታች ሣሩ ወደዚህ ተኝቷል፣ ከኮረብታው ማዶ ደግሞ ወደዚያ። የኮረብታው ጫፍ ላይ ቀጭን አቧራ ወጥቶ ወደ ታች ይፈስሳል፤ አንድ ጭልፊት ክንፉን ሳያርገበግብ በዚያው ጠርዝ ላይ ወደ ላይ ይሰቀላል። በድንገት ሁሉም ተገጣጠመ። ካራማራን ተሻግሮ፣ ግድብ እንደሞላ ውሃ፣ አንድ ትልቅ የማይታይ ወንዝ ወደ ሜዳው ይወርድ ነበር። ከተወለደች ጀምሮ በላይዋ ሲፈስ ኖሯል። እሷ እታች አቧራ ነው ስትለው ነበር።

«ይወርዳል» አለች። «እዚያ ጋ እንደ ፏፏቴ ይወርዳል።»

«እህ» አለች ካፒቴን ቀለምወርቅ። «ስለዚህ እዚያ አንሄድም።»

በጋው ሊገባደድ ሲል አንድ ከሰዓት፣ ሶሲና መሪውን ይዛ ለማረፍ ስትወርድ፣ አጥሩ ሞልቶ ነበር። ልጅቷ ዛሬ ራሷ ታሳርፋለች የሚል ወሬ ወጥቷል። ማኮብኮቢያው እየሰፋ መጣ። ከጎን አንድ ግፊት መጣ፣ አፍንጫው ከመስመሩ ሸሸ፤ መለሰችው። ደግሞ መጣ። ከታች የነፋስ ማሳያው ጨርቅ ሲገለበጥ አየች። ማረፍ ይቻል ነበር ምናልባት። ኤቢ ቢሆን ያሳርፈው ነበር ምናልባት። አጥሩ ላይ ያሉት ፊቶች ሁሉ «ውረጂ» ይላሉ፤ ይህን ለማወቅ ድምፅ አያስፈልግም።

ሶሲና ማረፉን ትታ የነዳጁን ማንሻ እስከ ጫፍ ገፋችው።

ሞተሩ ጮኸ፣ አፍንጫው ቀና አለ፣ መሬቱ ሊይዛት ዘርግቶት የነበረውን እጁን ሰበሰበ። አጥሩ፣ ፊቶቹ፣ ወደ ላይ የተከፈቱት አፎች በክንፉ ስር አለፉ። ፈራች እያሉ ነው፤ ደገሀቡርም ሳይመሽ ይሰማዋል። ምን አድርጌ ይሆን ብላ ወደ ጎን አየች።

ካፒቴን ቀለምወርቅ ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ በራሷ መስኮት በኩል፣ ወደ ውሃ የሚወርዱ ግመሎች ታይ ነበር፤ በሹፌሩ ተማምና አውቶቡስ ውስጥ እንደተቀመጠች መንገደኛ።

ሶሲና አውሮፕላኑን ቀስ ብላ አዞረችው። ከፊቷ ሜዳው እንደገና ተዘረጋ፤ በላዩ ላይ የነፋሱ ወንዝ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ወለል ብሎ ይታያት ነበር።